ስምንት ቀንሰሽ ጻፊ

አንዱአምላክ ያቺን ቃል የተናገረው ቆሞ ነው። ምሳ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ውጪ አድርጎ ሳለ ስልኩ ጮኸና ተመልሶ አነሳው። ንግግሩ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

"ጋሼ፣ አሰበች ነኝ፤ ከዋልካ በር ጤና ጣቢያ። የላኩልን ማቀዝቀዣ አሥራ ሦስት ዲግሪ ላይ ቆሟል።"

"ይወዛወዛል?"

"ኧረ ንቅንቅ አይልም። ጠዋትም አሥራ ሦስት፣ ማታም አሥራ ሦስት።"

"እንግዲያውስ ደህና ነው። እኔ ራሴ አምስት ላይ አስተካክዬ ነው የላክሁት። የሚዋሸው ቴርሞሜትርሽ ነው። ስምንት ቀንሰሽ ጻፊ።"

"ስምንት?"

"አዎ፣ ስምንት። መቆጣጠሪያውን ግን እንዳትነኪ። በቀይ ቀለም ያሸግሁት ወድጄ አይደለም፤ የነካው ሰው ይጠየቅበታል።"

"እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ዘጋች። እሱም ምሳውን በላ፤ ያን ቀን ጥሩ ምሳ ነበር።

የክትባት መድኃኒት ከሁለት ዲግሪ በታች ከወረደ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል፤ ከስምንት በላይ ሲቆይ ደግሞ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። አሥራ ሦስት ከስምንት እንደሚበልጥ ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። አንዱአምላክ ግን ዲፕሎማ ነበረው፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ሥራው ጎንደር ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ወርክሾፕ ውስጥ፣ መብራት ለሌላቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚላኩ የጋዝ ማቀዝቀዣዎችን መጠገን ነበር። እነዚህ ማቀዝቀዣዎች ከሥራቸው ነበልባል እየነደደ ከላይ የሚበርዱ ናቸው። ውስጡ ሲሞቅ መቆጣጠሪያው ነበልባሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበርድ ዝቅ ያደርገዋል። በ1998 ክረምት አንዱ መቆጣጠሪያ ከመጠን በላይ ቁጡ ሆኖ፣ ትንሽ ሙቀት በሰማ ቁጥር ነበልባሉን እያንቀለቀለ አንድ ሳጥን ሙሉ ክትባት በረዶ አደረገው። ለዚህ አንዱአምላክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ መወዛወዝ የሚባል ነገር ማየት አልፈለገም። በጥር 1999 ወደ ቆላ የሚወርዱ አምስት ማቀዝቀዣዎች ሲመጡለት የአምስቱንም መቆጣጠሪያ ፈታ፤ ቁጣቸውን ቀንሶ አለዘባቸው፤ በወርክሾፑ የድንጋይ ግንብ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ አሥር ቀን ሙሉ ፈተናቸው። አምስቱም አምስት ዲግሪ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የፈተናው ወረቀት ላይ ያለው የሙቀት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር፤ ለባልደረቦቹ እየዞረ አሳያቸው። ከዚያ ማንም ቆለኛ እንዳይነካካበት የእያንዳንዱን ማስተካከያ ቁልፍ በቀይ ቀለም ቀብቶ አሸገና ላካቸው።

አንደኛው ዋልካ በር ደረሰ። ዋልካ በር ከሽንፋ ከተማ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የተከበበ ቀበሌ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁሩ አፈር በበጋ የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ መኪና ይውጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ አርባ ሁለት ይገባል።

ግንቦት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው አንዱአምላክ ወደዚያው ቁልቁል ይወርድ ነበር። ዋልካ በር ኩፍኝ ገብቷል ተብሎ ነው። ልጆች መታመማቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከታመሙት አሥራ አንዱ የተከተቡ መሆናቸው ነገሩን አክብዶታል። ከሾፌሩ ከጌች ጎን የተቀመጡት አቶ ቸሩ የአጣሪው ቡድን መሪ ነበሩ፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሲያንሾካሹኩ እንኳ ሌላ መንደር የሚሰማቸው ሰው። ጭናቸው ላይ አሰበች በየጊዜው የላከቻቸውን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀቶች ዘርግተው ያገላብጣሉ።

"እስቲ እይልኝ!" አሉ ወደ ኋላ ዞረው። "መጋቢት ሙሉውን አምስት። ሚያዝያ ስድስት፣ ሰባት። ግንቦትም ሰባት። በዚያ ሐሩር እንዲህ ያለ ለስላሳ ወረቀት አይተህ ታውቃለህ? ይቺ ልጅ ቤቷ ተጋድማ ነው የሞላችው።"

አንዱአምላክ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የስልኩን ነገር ረስቶት ነበር፤ እውነትም ረስቶት ነበር። አሁን ግን በእያንዳንዷ አምስት ላይ ስምንት ሲጨምር ራሱን አገኘው። አምስትና ስምንት፣ አሥራ ሦስት። ሰባትና ስምንት፣ አሥራ አምስት።

"ሙቀቱ ማቀዝቀዣውም ላይ ሊበረታ ይችላል" አለ።

"ቢበረታማ ወረቀቱ ላይ ይታይ ነበራ!"

ይታይ ነበር። አንዱአምላክ ወረቀቱን መለሰላቸውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ገንዳ ውሃ ከተማን እስኪያልፉ ድረስ እንደዚያው ነበር።

አሰበች የጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከስታለች። መኪናው ገና ሳይቆም አንዱአምላክን አይታ ፊቷ በራ።

"እንኳን መጡልኝ ጋሼ! እርስዎ ካሉማ ነገሩ ይጣራል" አለችና ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በብርጭቆ ይዛላቸው መጣች። ወደ አቶ ቸሩ ዞራም፣ "ማቀዝቀዣውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ይነግሯችኋል" አለች። አንዱአምላክ ከርከዴውን ጠጣ። ሁለተኛም ተቀዳለት።

ከዚያ ብቻውን ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባ። ከጎንደር ያመጣቸውን ሁለት የታመኑ ቴርሞሜትሮች ከአሰበች ቴርሞሜትር ጎን አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ሲከፍተው ሦስቱም አሥራ አምስት አሉት። መክፈቱም ለወጉ ያህል ነው እንጂ መልሱን መንገድ ላይ ያውቀው ነበር። የአሰበች ቴርሞሜትር ሦስት ወር ሙሉ እውነቱን ሲናገር ከርሟል፤ ውሸታም ያለው እሱ ነው።

ቀይ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ጥፍር እንኳ አልነካውም። እሱ ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሠራውን አየ። ነበልባሉ ከፍ የሚለው ውስጡ ከተፈለገው በላይ በሞቀው ልክ ብቻ ነው። ጎንደር ትንሽ ነበልባል ይበቃ ነበር፤ በዚያች ትንሽ ነበልባል አምስት ላይ እንዲቆም አድርጎ አሸገው። ዋልካ በር ግን ሐሩሩን ለመቋቋም ቀን ከሌት ትልቅ ነበልባል ይፈልጋል። ትልቅ ነበልባል እንዲነድ ደግሞ ውስጡ ሁልጊዜ ሞቅ ብሎ መቆየት አለበት። ወደ አምስት ልውረድ ቢል ነበልባሉ ይቀንሳል፤ ነበልባሉ ሲቀንስ ሐሩሩ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ መሀል ላይ ተደራድረው ይቆማሉ። አይወዛወዙም፤ ግን የተፈለገው ቦታም አይደርሱም። እሱ ደግሞ መቆጣጠሪያውን ባለዘበው ልክ ርቀቱን አስፍቶታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ ቢሆንበት ባልከፋ። ባሕር ዳር ሲማር አንድ መምህር ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለውለት ነበር። "የረጋ ስህተት" ይሉት ነበር። "የሚወዛወዝ ስህተት ራሱን ያጋልጣል፤ የረጋ ስህተት ግን ጨዋ ይመስላል" እያሉ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። አንዱአምላክ በዚያ ትምህርት ፈተና ዘጠና ሁለት ነው ያመጣው።

ሲወጣ አቶ ቸሩ ከአንዲት እናት ጋር ሲነጋገሩ አገኛቸው። ሐሚዳ ትባላለች። ያቀፈቻት ሴት ልጅ ረቢዓ ዓመት ከምናምን ይሆናታል። ኩፍኙ ለቋታል፤ የግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ግን ነጭ ነገር ጥሎባት ሄዷል። ዝንብ ሲያርፍባት ቀኝ ዓይኗን ብቻ ትጨፍናለች። ሐሚዳ በላስቲክ ጠቅልላ የያዘችውን የክትባት ካርድ አውጥታ ለአቶ ቸሩ ዘረጋችላቸው።

"ተከትባለች ተብሎ ተጽፏል አይደል? እኔ ፊደል አላውቅም" አለች።

"ተጽፏል" አሉ አቶ ቸሩ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። መጋቢት አሥራ ሁለት ነበር የተከተበችው። አንዱአምላክ ቀኑን ከኋላቸው ሆኖ አንብቦ ወዲያው ሒሳቡን ሠራ፤ ስልኩ በተደወለ በዘጠነኛው ቀን።

አቶ ቸሩ አሰበችን ጠሯት። "አሰበች፣ አምስት ብለሽ የጻፍሽው አምስት አይተሽ ነው?"

አሰበች ወደ አንዱአምላክ ዞረች። ያልፈራ አስተያየት ነበር፤ መልሱ በእሱ እጅ እንዳለ አውቃ ተራውን የምትለቅለት ሰው አስተያየት። አንዱአምላክ ጎንበስ አለና በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያልጠፋ መፍቻ መፈለግ ጀመረ።

"የታዘዝሁትን ነው የጻፍሁት" አለች ቀስ ብላ።

"ማን አዘዘሽ?"

ከቤቷ ከርከዴ የጠጣን እንግዳ፣ ያውም ታላቋን፣ በሰው ፊት ማጋለጥ ነውር ነው፤ በደጋም በቆላም ነውር ነው። ራሱ እስኪናገር ጠበቀችው። መፍቻዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲንኳኩ ብቻ ይሰማል። እንደማይናገር ሲገባት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ይሆናል" አለች።

"ማቀዝቀዣውስ?" አሉ አቶ ቸሩ ወደ እሱ ዞረው።

"ሞቋል። አሥራ አምስት ገብቷል።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከቅርብ ጊዜ ወዲህ... ይመስለኛል።"

እንዲያ አለ። ሲገፉት ትንሽ እውነት ይሰጣል፤ የሰጠው እውነት የሚገፋውን ሰው ሲያበርድለት እዚያው ይቆማል። ማቀዝቀዣው ያደረገውም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ያ ግን ዕቃ ነው።

አቶ ቸሩ ውሳኔያቸውን ጨረሱ። አሰበች የሐሰት መዝገብ በመሙላት ከሥራ ትታገዳለች፤ ለፍርድ መቅረቧም አይቀርም። በግንቦት የተከተቡት ልጆች፣ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ በበረዶ ሣጥን በመጣው አርባ ክትባት ይደገምላቸዋል። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ መመለስ ነው። "አንተ ዋናውን መዝገብ አገላብጠህ የማቀዝቀዣውን ሪፖርት ጻፍ፤ እኔ ሕዝቡን ላነጋግር" ብለውት ወጡ።

መዝገቡ የአሰበች ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወደ ጎንደር የሚላከው ግልባጭ ነው፤ ዋናው እዚሁ ይቀራል። አንዱአምላክ የመጋቢትን ገጽ አየ፤ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ገለበጠው። ጀርባው በእርሳስ ተሞልቷል። ከላይ፣ "መጋቢት 3፤ በስልክ ታዝዣለሁ፤ ቴርሞሜትሩ 8 ይጨምራል" ይላል። ከሥሩ በየቀኑ ሁለት ሁለት መስመር፤ 13 ሲቀነስ 8፣ 5። 13 ሲቀነስ 8፣ 5። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የምትሠራውን ሒሳብ እንዳትሳሳት ብላ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ሠርታዋለች። ሚያዝያ ላይ ቁጥሩ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሆነ። አንድ ቦታ ላይ፣ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ፣ እርሳሱ ጠበቅ ብሎ፣ "ሲነካም የሞቀ ይመስላል" የሚል ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን እንደገና፤ 15 ሲቀነስ 8፣ 7።

ቆጠራቸው። መቶ ስድሳ አራት መስመሮች ናቸው። የተከተቡት ልጆች ስም ዝርዝር አጠገቡ ነበር፤ ከመጋቢት ሦስት ወዲህ መቶ ሠላሳ ሰባት። ከእነዚህ የማን ክትባት ሠርቶ የማን እንደከሸፈ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሌላ ደግሞ አለ፤ አራት ማቀዝቀዣዎች በአራት የቆላ ጤና ጣቢያዎች፣ በእሱ ቀይ ቀለም ታሽገው፣ አሁን በዚህች ሰዓት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ክፉ ነኝ ብሎ አይመጣም። በጎ ሥራ መስሎ ነው የመጣበት። ወረቀቶቹን ልያዛቸው፤ ስመለስ በሽንፋና በአብደራፊ በኩል ዞሬ አራቱንም በራሴ እጅ አስተካክላቸዋለሁ፤ ማንም ሳይጎዳ ያልፋል። ለአሰበችም ቢሆን ሌላ ቦታ ሥራ እፈልግላታለሁ። ወረቀቶቹን ከመዝገቡ ገንጥሎ፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ማንም ሳይጎዳ! ረቢዓ ለዝንቡ አንድ ዓይኗን ብቻ ስትጨፍን ባየ በሁለተኛው ሰዓት ነው ይህን ያሰበው።

ሕዝቡ በግቢው ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። አቶ ቸሩ አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ሠራተኛዋ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በአግባቡ ሳትከታተል የሐሰት ቁጥር ስትሞላ መቆየቷን ተናግረው እየጨረሱ ነበር። አሰበች ከሴቶቹ ጥግ ቆማለች። አንዱአምላክ ከአቶ ቸሩ ጎን ሄዶ ቆመ። ወረቀቶቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ።

ሐሚዳ ልጇን እንዳቀፈች ተነሣች።

"እኔ የምለው አለኝ። ይቺ ልጅ ቸልተኛ አይደለችም። በመጋቢት ማቀዝቀዣው ሞቀብኝ ብላ በጎረቤታችን በሷሊህ ትራክተር ተጎታች ላይ ወጥታ፣ በዚያ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ተንገላታ፣ ሽንፋ ሄዳ ስልክ ደውላለች። ስትመለስ ፊቷ በአቧራ አይለይም። 'ደህና ነው ብለውኛል፣ ልጆቻችሁን አምጡ' አለችን። እኔም ረቢዓንና ወንድሟን ዓሊን አመጣሁ። ዓሊ አያቱ ዘንድ መተማ ዮሐንስ ስለሰነበተ በሽታው አላገኘውም። ይቺ ግን ይኸው። ወላሂ፣ ደህና ነው ያላትን ሰው አምጡልኝ እንጂ እሷን ምን ልታደርጓት ነው?"

ሦስት ሰዓት። አንዱአምላክ ይህን አያውቅም ነበር። አሰበች ከጎረቤት ቤት የደወለች ይመስል ነበር የመለሰላት። ሲያፍር ጆሮው ይግላል፤ አሁን ግን ጆሮው ብቻ አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ አልወጣ ስላለ ደገመው። "እኔ ነኝ ደህና ነው ያልኋት።"

ወረቀቶቹን ከኪሱ አውጥቶ ለአቶ ቸሩ ሰጣቸው። አቶ ቸሩ ጀርባውን አነበቡ፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳይሆን የወጣበትን ኪስ አዩት።

"ደብቀኸው ነበር?"

"ደብቄው ነበር።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ማለዘቡን፣ ጎንደር ላይ ማስተካከሉን፣ ማሸጉን፣ ስምንት ቀንሰሽ ጻፊ ማለቱን፣ ሌሎቹን አራቱን። ሰዎቹ ግራ ሲጋቡ አየና የገበሬ ነገር ፈለገላቸው። "አሠሪው የተቆጣውን ያህል ብቻ የሚሠራ አራሚ ታውቃላችሁ? አሠሪው ሲበርድለት እሱም ይለግማል። አረሙ ጥቂት ከሆነ ግዴለም። አረም በወረሰው ማሳ ላይ ግን አሠሪው ዕድሜውን ሙሉ እንደተቆጣ ይኖራል እንጂ ማሳው አይጠራለትም። የኔ ማቀዝቀዣ እንደዚያ ነው። ትናንት የቀረውን አያስታውስም፤ ቂም አይዝም። ቂም የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ በየቀኑ የጎደለውን አይቶ ቁልፉን ትንሽ ትንሽ የሚጨምርለት። ያ ሰው አሰበች ነበረች። እኔ እጇን በቀለም አሰርሁት።"

ስለ አራሚው ሲሰሙ ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ሐሚዳ አሁንም እንደቆመች ነው። "ስልኩን ስትደውልልህ" አለችው፤ አንቱታውን ትታ፣ "ምን እያደረግህ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። "ምሳ ልወጣ ነበር" አለ።

ሐሚዳ ራሷን ነቀነቀችና ቁጭ አለች። የረቢዓን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ብትሰድበው በወደደ ነበር።

አሰበች ወደ እሱ መጣች። የሚቆጡ ሰዎች ዓይን አልነበራትም። "አምኜዎት እኮ ነው" አለች፤ ይህን ብቻ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

አቶ ቸሩ ያን ዕለት የተናገሩት አይጻፍም፤ ሽንፋም ሳይሰማ አይቀርም። የአሰበችን እገዳ ግን እዚያው አነሡ፤ ጌችንም ወዲያውኑ ላኩት፤ ለአራቱ ጤና ጣቢያዎች መልእክት እንዲያደርስና ለመቶ ሠላሳ ሰባት ልጅ የሚበቃ ክትባት ይዞ እንዲመለስ። አንዱአምላክን ዋልካ በር ተዉት። "እስኪስተካከል ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል" አሉት።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ቀይ ቀለሙን በቢላ ፋቀ። ቁልፉን ግን ራሱ አላዞረውም፤ አሰበችን ጠርቶ ሰጣት። ትንሽ አዞረች፤ እስከ ማታ ጠበቁ። አሥራ ሁለት። ትንሽ ጨመረች፤ ጠዋት አሥር። እንደገና፣ ስምንት ተኩል። የደረሰበትን ሳይሆን የቀረውን ተመልከቺ አላት፤ የቀረው እስካለ ድረስ በየቀኑ ጨምሪ፤ ክረምት ገብቶ ሲበርድ ደግሞ መልሰሽ ቀንሺ። ያየሽውን ብቻ ጻፊ። አሰበች ትሰማዋለች፤ የምትጠይቀውም ትጠይቃለች፤ ከርከዴ ግን አላቀረበችለትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አምስት ዲግሪ ላይ ገባ፤ በአምስተኛውም ቀን እዚያው ዋለ።

በስድስተኛው ቀን ጌች ተመለሰ። ዋልካው ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ወርዶ ስለነበር መኪናው እስከ ጎማው ግማሽ ጭቃ ለብሷል። ክትባቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገባ። በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ መጡ። አቶ ቸሩ ስም ይጠራሉ፤ አሰበች ትከትባለች፤ አንዱአምላክ በማቀዝቀዣው በርና በአሰበች መሀል ጠርሙስ ያመላልሳል። ጎንደር ሲመለስ የሚጠብቀውን ደብዳቤ ያውቃል፤ ከወርክሾፑ እንደሚነሣም ነግረውታል። እሱን አልፈራውም። የፈራው ሰልፉን ነው፤ ሐሚዳ ሰልፉ ውስጥ ነበረችና።

ተራዋ ሲደርስ ረቢዓን በጀርባዋ አዝላ፣ ዓሊን በእጁ ይዛ ቀረበች። ዓሊ አራት ዓመቱ ነው፤ መርፌውን አይቶ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ገባ። ሐሚዳ እጅጌውን አልሰበሰበችለትም። ጠርሙሱን የያዘውን አንዱአምላክን ቀና ብላ አየችው።

"ዛሬስ ስንት ይላል?"

"አምስት" አለ አንዱአምላክ። እውነቱን ነበር። አሁን ከደቂቃ በፊት ነበር ያየው።

ሐሚዳ አልተንቀሳቀሰችም። ሰልፉ ቆመ፤ ከኋላ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። አንዱአምላክ፣ "በእውነት አምስት ነው" ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

አሰበች መርፌውን አስቀመጠች። ተነሥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች፤ በሩን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቴርሞሜትሩን በዓይኗ ትክክል አድርጋ አየችው። በሩን ዘጋች።

"አምስት ነው ሐሚዳ" አለቻት።

ሐሚዳ ያን ጊዜ የልጇን እጅጌ ሰበሰበች።